ልጄ ፈረንሳይኛ ክፍል ስትጫወት ነው የምትውለው?

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን አንድ አባት የልጁን ውጤት ዝም ብሎ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ግራ ቀኙን ቃኘና ወደ አማርኛ ዞረ። «የኔ እህት፣ እዚህ እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ ልጅ ፈረንሳይኛ ነው የምትማረው ወይስ ወረቀት መቁረጥ?» ማስረጃም ይዞ መጥቷል። በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ፦ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በባለቀለም ካርቶን፣ በኮላና በቁርጥራጭ ወረቀት ተሞልቷል፤ መሀሉ ላይ የ4ኛ ክፍል ተማሪዬ መቀስ ይዛ ምላሷን አውጥታለች።

አልተቀየምኩም። እኛ ስንማር ቋንቋ ማለት የሰሌዳውን ደብተር ላይ መገልበጥ፣ ግስ ማርባት፣ ነገ ጠዋት በቃል መወጣት ነበር። ቶሮንቶ ላይ ልጁ ካርድ ይዞ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ ያየ ወላጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ደግሞ አንዳንዴ ጥርጣሬው ልክ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንሥራ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሒሳብ ነውና።

ቶሮንቶ ባለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ በኦንታሪዮ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ፈረንሳይኛ የመማር ግዴታ አለባቸው። 8ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ቢያንስ 600 ሰዓት እንዲማሩ ነው የታቀደው፤ በዓመት 120 ሰዓት መሆኑ ነው። (ሌሎች ትምህርቶችንም በፈረንሳይኛ የሚሰጠው ኢመርሽን የሚባለው መርሐ ግብር ቢያንስ 3,800 ሰዓት ነው። ስለዚህ ኢመርሽን የገባችው የጎረቤት ልጅ ፈረንሳይኛውን ስታንበለብለው የራሳችሁን ልጅ በእሷ አትለኩት።)

600 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ክፍሉን ከውስጥ ስታዩት ግን ሌላ ነው። 40 ደቂቃና 25 ልጆች አሉኝ እንበል። ግማሹን ሰዓት እኔ ከተናገርኩ 20 ደቂቃ ይቀራል። ልጆቹን በየተራ እያስነሳሁ ብጠይቅ ለአንዱ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ብንገናኝ አራት ደቂቃ። በሳምንት አራት ደቂቃ ተናግሮ ቋንቋ የለመደ ሰው አላየሁም። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ለ10 ደቂቃ ብቻ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ባደርግ ግን እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ያወራል፤ በአንድ ቀን ከሳምንቱ በለጠ ማለት ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ በበሩ የሚያልፍ ሰው «መምህር የለም እንዴ?» ይላል። ይበል።

ጨዋታ የሚመስለው ነገር አብዛኛው ይህን ሒሳብ ለማሸነፍ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው።

አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ሶንዳዥ» እንለዋለን፤ መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ይይዛል፦ በጎን የጓደኞቹን ስም፣ በላይ ዓሣ፣ ፒዛ፣ እንጉዳይ፣ አይብ። እየዞረ ይጠይቃል፤ «ቱ ኤም ለ ፗሶን?» ዓሣ ትወዳለህ? የሚመለሰው ወይ «ዊ፣ ዤም ለ ፗሶን» ነው፣ ወይ «ኖን፣ ዠ ኔም ፓ ለ ፗሶን»። ምልክት ያደርግና ወደ ሌላው ይሄዳል። አሥር ልጅ ስለ አራት ምግብ ሲጠይቅ 40 ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋል፤ ሌሎቹ ሲጠይቁት ደግሞ በዚያው ልክ መልሷል። ያንኑ «አልወድም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ 40 ጊዜ እንዲጽፍ ባዘው ግን ቅጣት ነበር፤ ለእናንተም ስሞታ ይደርሳችሁ ነበር። በማግሥቱ ውጤቱን በሰንጠረዥ ያወጡታል፣ እንጉዳይ ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ የሒሳብ መምህሯም ደስ ይላታል።

በዚህ መጠይቅ ውስጥ የተደበቀ ሰዋስው አለ፤ የእኛ ልጆች ደግሞ እዚያ ላይ ይበልጣሉ። ፈረንሳይኛ «አይደለም» ሲል ግሱን በሁለት ወገን ይይዘዋል፤ ከፊቱ «ነ»፣ ከኋላው «ፓ»። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ልጅ ይህ ግራ ያጋባዋል፤ አንዱን ጥሎ አንዱን ይይዛል። አማርኛስ? «አልወድም» በሉ። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፣ ግሱ መሀል ተቀምጧል። አማርኛ ቤቷ ለምትናገር አንዲት ተማሪ ይህን ሳሳያት «ኦ! አንድ ዓይነት ሳንድዊች!» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ «ፓ»ን ረስታ አታውቅም።

እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ነው። «ለ» የሚለው፣ ከወንድ ስም ፊት የሚገባው መስተአምር፣ ከእኛው ግዕዝ «ለ» ብዙም አይርቅም። «ሞንታኝ» ሲሉ የሚመጣው «ኝ»፣ «ዠ» ሲሉ የሚመጣው «ዠ» ፊደል ገበታችን ላይ ተሰድረው ተቀምጠዋል። «ቱ» እና «ቩ» የሚለውን ልዩነት የእኛ ልጆች በእናታቸው ወገብ ላይ ሳሉ ሰምተውታል፤ አንተና አንቺ አለ፣ እርስዎ አለ፣ አያትን «አንተ» ያለ ልጅ ምን እንደሚደርስበትም ይታወቃል። ዕቃ ጾታ አለው ሲባልም አይደነግጡም፤ እኛም «ፀሐይ ወጣች» እንላለን። ችግሩ ፈረንሳዮች ዘንድ ፀሐይ ወንድ መሆኑ ነው።

ሁሉም ግን ስጦታ አይደለም። «ደብተሩ» ስንል የወንድ ልጅ ደብተር፣ «ደብተሯ» ስንል የሴት ልጅ መሆኑ በባለቤቱ ይለያል። ፈረንሳይኛ ግን የሚያየው ዕቃውን ነው፤ «ሶን ሊቭር» የእሱም መጽሐፍ ነው፣ የእሷም። የቤተሰብ ፖስተር ስናሠራ የእኛ ልጆች የሚሳሳቱት ይህችን ነው፣ በየዓመቱ። ሌላው «ኢ» እና «ኡ» መሀል ያለው፣ ፊደላችን የሌለው ድምፅ ነው። ከንፈራችሁን «ኡ» ልትሉ እንደሆነ አሹሉና «ኢ» በሉ፤ እሱ ነው። ጥቃቅን ነገር እንዳይመስላችሁ። «ደሱ» በዚያኛው ድምፅ ሲነገር «ላዩ ላይ»፣ በእኛው «ኡ» ሲነገር «ሥሩ» ማለት ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ቸኮሌት የምደብቀው። ፈላጊው ዓይኑን ታስሮ ይወጣል፣ ሲመለስ ጓደኞቹ ይመሩታል፤ «ጠረጴዛው ደሱ!» ከንፈራቸውን በደንብ ካላሾሉ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይቀራል፣ ቸኮሌቱ ላዩ ላይ ተቀምጦ። ከአሥር ጊዜ ማረሚያ አንድ የጠፋ ቸኮሌት ይሻላል።

ጥሩውን ሥራ ከወረቀት ቆረጣ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ የሚጠይቀው ነገር በእውነት የማያውቀውን መሆን አለበት። ቀይ እስክሪብቶ ከፍ አድርጌ «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብል ይህ ጥያቄ አይደለም፤ እኔም አያለሁ፣ እነሱም ያያሉ። ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት አስቀምጬ መሀላቸው ማህደር ባቆም፣ አንዱ የ20 ሰዎች ሥዕል ይዞ ከመሀላቸው አንዱን በልቡ ቢመርጥ፣ ሌላው «ኤስኪል ፖርት ዴ ሉኔት?» መነጽር አድርጓል? እያለ እየጠየቀ ማግኘት ካለበት ግን አሁን ቋንቋው ያስፈልገዋል። ካልጠየቀ አያውቅም፣ ጓደኛውም አጥርቶ ካልመለሰለት ይሳሳታል። የመምህር ሥራ ያንን ክፍተት ማበጀት ነው። የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ይሞሉታል።

አሁን የዚያን አባት ጥርጣሬ ላንሣ። የኤፍል ማማን ከካርቶን መሥራት የማታውቅ የፈረንሳይኛ ክፍል የለችም። ልጆቹ አንድ ሳምንት ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ያብረቀርቃሉ፤ ግድግዳው ያምራል፣ ወላጅ ፎቶ ያነሳል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ግን ልጆቹ የተነጋገሩት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ «መቀሱን አቀብለኝ»ን ጨምሮ። ይህ ጥሩ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከ120 ሰዓቱ ላይ ግን መቆረጡ ይቆጨኛል። እኔም በጀማሪነቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አሠርቻለሁ፣ ደስ እያለኝ። ዛሬ ካሠራሁ «መቀስ፣ እባክህ» የሚለውን በፈረንሳይኛ ያልጠየቀ መቀስ አይሰጠውም። ማማው ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ አስጎብኚ ይሆንና ለሌላ ክፍል ልጆች በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስጎበኛል፦ በስንት ዓመት ተሠራ (እ.ኤ.አ. 1889)፣ የት ከተማ ነው፣ ከምን ተሠራ። ልጃችሁ ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ ጠይቁት፦ «ይህን ስትሠራ በፈረንሳይኛ ምን ምን አልክ?» ዝም ካለ፣ አዎ፣ ወረቀት መቁረጥ ነው።

የበዓላቱ ሥራም እንዲሁ ነው። መጋቢት ማገባደጃ ላይ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 1፣ ልጆች የወረቀት ዓሣ በሰው ጀርባ ላይ እየለጠፉ «ፗሶን ዳቭሪል!»፣ የአፕሪል ዓሣ፣ ይላሉ፤ እኔ አንዴ ዓሣ ለጥፌ ሱፐርማርኬት ድረስ ሄጃለሁ። ክረምት ላይ ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የካናዳዋ ኩቤክ ካርኒቫል አለ፣ ባለ ቀይ ቆቡ የበረዶ ሰው ቦኖም አለ። ጃንዋሪ 6 ደግሞ፣ በእኛ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ፈረንሳዮች «ጋሌት» የሚባል ኬክ ይቆርሳሉ፤ ውስጡ ትንሽ ቅርፅ ትደበቃለች፣ ያገኛት ይነግሣል። ከቤቱ ትንሹ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ይገባና እያንዳንዱ ቁራሽ ለማን እንደሚሰጥ ስም ይጠራል፣ እንዳያዳሉ። ይህችኛዋን እወዳታለሁ፤ ልማዱ ራሱ ለጨዋታ የተሠራ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ያለው «ለማን?» ብሎ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ከሥር ያለው «ለእገሌ» ይላል።

ስለ ጽሕፈትም ትንሽ ልበል፤ ፊደል ለለመደ ቤተሰብ ትልቁ እንቅፋት እዚያ ነውና። የእኛ ፊደል የጻፍከውን ታነባለህ፤ የምታስቸግረው የሚጠብቀውና የሚላላው ላይ ብቻ ነው፣ «አለ» ስንል «ተናገረ» ይሁን «ይኖራል» በዓይን አይለይም። ፈረንሳይኛ ግን የማይነበብ ፊደል ይወድዳል። «ይናገራል»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራሉ» የሚሉት ሦስቱ በጽሑፍ መጨረሻቸው ይለያያል፣ በአፍ ግን ሦስቱም «ፓርል» ናቸው። ዲክቴ፣ ማለትም የቃል ጽሕፈት፣ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። እኛ በሩጫ እናደርገዋለን። አጭር ጽሑፍ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሮጦ ያነባል፣ በጭንቅላቱ ይዞ ይመለሳል፣ ለተቀመጠው ያነበንብለታል፣ ያ ይጽፋል። ሯጩ የማይነበበውን ፊደል ካላስተዋለ ጓደኛው ይሳሳታል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ላይ እየጮኸ ሳይሆን እየቆጠረ ይመጣል፤ «መጨረሻው ላይ ሦስት ፊደል አለ፣ አይነበቡም!»

ከጽሕፈት ሁሉ የሚበልጠው ግን ደብዳቤ ነው፣ ሐሳቡም የቆየ ነው። ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ስለነበር ክፍል ውስጥ ብዙ መናገር ይከብደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሱር ሉ በሚባል መንደር ሲያስተምር ትንሽ ማተሚያ ገዝቶ ልጆቹ የራሳቸውን ጽሑፍ እንዲያትሙ አደረገ፤ ያንንም ብሪታኒ ውስጥ፣ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ ወዳለ ክፍል እንዲልኩ። የተራራ ልጆች ለባሕር ልጆች ጻፉ። ለመምህሩ የሚጻፍ ድርሰት ለእርማት ነው፤ ለማያውቁት ልጅ የሚጻፍ ግን እንዲገባው ነው። እኔ ክፍሌን ኩቤክ ውስጥ ካለ ክፍል ጋር ሳጻጽፍ «ይህ ይገባዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ለፈተና አንድ ጊዜም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ደብዳቤውን በስልክ ማስተርጎሚያ አትጻፉላቸው። ወዲያው ነው የሚታወቀው፤ «ስሜ እገሌ ነው» ብሎ መጻፍ የሚያስቸግረው የ5ኛ ክፍል ልጅ ድንገት እንደ አምባሳደር ሲጽፍ ማን እንደጻፈው ይገባኛል። ፈረንሳይኛ አለማወቃችሁ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ልጁ ያስተምራችሁ። ራት ላይ ሹካና ማንኪያውን በፈረንሳይኛ ይጥራ፣ እናንተ ተሳሳቱ፣ እሱ ያርማችሁ። የቃል አደንም ታዘጋጃላችሁ፤ ከምድር ባቡሩ ጋር ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት አሉንና። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን መስመር የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። «ለገሃር» ባቡር ጣቢያ፣ «ላ ጋር» ነው። «ፉርጎ» የዕቃ መጫኛ ሠረገላ፣ «ፉርጎን» ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው «ሳንቲም»ም የእነሱው ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ «አያቴ ፈረንሳይኛ ታውቃለች ማለት ነው?» ያለኝ አለ። አማርኛውን ደግሞ «ለፈረንሳይኛው ቦታ ይልቀቅ» ብላችሁ እንዳታስጥሉት፤ ከላይ እንዳያችሁት ግማሹን ሥራ የሚሠራልኝ እሱ ነው።

ያ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነበረው ካርቶን ምን እንደነበረ አልነገርኳችሁም። የካፌ ምናሌ ነበር።

ካፌው ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የምግብ ስም፣ ከወንድና ሴት መስተአምሩ ጋር። ሁለተኛው ላይ የትሕትና አነጋገር፤ «እፈልጋለሁ» ማለት ብልግና ነው፣ «ዠ ቩድሬ» ይባላል፣ «እፈልግ ነበር» እንደማለት። ልጅ ለልጅ «ሲል ተ ፕሌ»፣ እባክህ፤ አስተናጋጅ ለደንበኛ «ሲል ቩ ፕሌ»፣ እባክዎ። ከዚያ ቁጥር፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፈረንሳይኛ ዕብደቱን ያሳያል። ከ70 ጀምሮ መቁጠር ይተውና ሒሳብ ይሠራል፦ 70 «ስልሳ አሥር» ነው፣ 80 «አራት ሃያ»፣ 90 «አራት ሃያ አሥር»። ቤልጅጎችና ስዊሶች ለ70ና ለ90 የየራሳቸው ቀላል ቃል አላቸው፤ እኔ የማስተምረው ግን የሰባና የዘጠና ቃል የሌለውን ነው። ስለዚህ ምናሌው ላይ ምንም ነገር አንድ ዩሮ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈቅድም። ዋጋው ሁሉ 75፣ 82፣ 97 ሳንቲም ነው፣ ሆን ብዬ። መልስ የሚቆጥሩትም በቃል ነው።

የዚያች ልጅ ቡድን ምናሌው ላይ እንጀራ ጨመረ። ሌሎቹ «እንጀራ ወንድ ነው ሴት?» ብለው ጠየቋት። ቃሉ በአናባቢ ስለሚጀምር መስተአምሩ ተቆርጦ «ል» ብቻ ይሆናል፣ ጾታውም ይደበቃል፤ ግን «አንድ እንጀራ» ለማለት የግድ መምረጥ አለባቸው። ሩብ ሰዓት ተከራከሩ፤ ግማሹን በፈረንሳይኛ። «እማዬ ስትጋግር ‹ይቺ እንጀራ ዓይን የላትም› ትላለች» ብላ ሴት አደረገቻት፣ ድምፅ ተሰጠ፣ አሸነፈች።

በመጨረሻው ቀን ወላጆች ተጠሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ በሩን ካለፉ በኋላ ደንበኛ ናቸው፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የሚታዘዝ ነገር የለም። ያ አባት ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ልጁ ፎጣ በክንዷ ላይ አድርጋ ቀረበችው። «ቩ ዴዚሬ?» ምን ይፈልጋሉ? «ካፌ» አላት። አልሄደችም። እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቆመች። አየት አደረገኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ካፌ፣ ሲል... ቩ ፕሌ» አለ፣ በላብ። ጻፈች።

ቡናው መጣ፤ ውሃ ነበር፣ በወረቀት ኩባያ። ሒሳብ ሲጠይቅ ሳትፈራ፣ ሳትቆም አለችው፤ «ካትር ቬን ዲሴት ሳንቲም።»

«ሳንቲሟን ሰማሁ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ። «ከፊቷ ያለው ግን ምንድን ነው?»

ልጅቷ ከእኔ ቀደመች፤ የራሷን ሕግ ጥሳ በአማርኛ፦ «አራት ጊዜ ሃያ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት። አስበው።»

አሰበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ከዚያ አንድ የወረቀት ዩሮ ሰጥቷት መዳፉን ዘርግቶ መልሱን፣ ሦስት ሳንቲሙን፣ ጠበቀ።